አፍላቶክሲን ምንድን ነው? ከሀረጎ ላይና ከሀረጎ ታች

«ትንሽ ሻገት ብሏል እንጂ ምንም አይል፤ እሳት ሲነካው ይሞታል።» ይህን ያልሰማ ወይም ራሱ ያላለ ወሎዬ ያለ አይመስለኝም። ግማሹ እውነት ነው። ሻጋታው በእሳት ይሞታል። ሻጋታው ጥሎት የሄደው መርዝ ግን አይሞትም፤ ድሮም ነፍስ የለውማ። አፍላቶክሲን የሚባለው ይኸው መርዝ ነው።

መርዙን የሚሠራው አስፐርጊለስ የሚባል የሻጋታ ወገን ነው። በተለይ ፍላቨስና ፓራሲቲከስ የሚባሉት ሁለት ዝርያዎች ዋና ባለሙያዎቹ ናቸው። ቤታቸው አፈር ነው። እህሉን የሚይዙት ጎተራ ከገባ በኋላ ብቻ ይመስለናል፤ ግን ማሳ ላይ እያለ ይጀምራሉ። ዝናብ ቀድሞ የተለየው፣ ሙቀት ያንገላታው ሰብል አቅሙ ይደክማል። ተባይ የበሳው ፍሬ ደግሞ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ነው። በድርቅ ዓመት ነገሩ የሚብሰው ለዚህ ነው። በቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ማሽላ፣ በርበሬ፣ የኑግ ፋጉሎ፤ እነዚህን ሁሉ ይወዳሉ። ሰኞ ባቲ ገበያ ለወጣ ሰው ዝርዝሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ዓለም ይህን መርዝ ያወቀው እንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ተርኪ የሚባሉት ግዙፍ የፈረንጅ ዶሮዎች ከ100 ሺህ በላይ ሆነው አለቁ። መጀመሪያ ወረርሽኝ መስሏቸው ነበር። ሲያጣሩ ሁሉም የበሉት ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ።

ወደ እሳቱ እንመለስ። ንጹሕ አፍላቶክሲን የሚበታተነው ሙቀቱ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲዘል ነው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍታው ያመጣው ነው። ወጡ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ ከዚያ ብዙም አይወጣም። ምጣዱ ይግላል፣ የእንጀራው ውስጥ ግን ከ100 አያልፍም። ቆሎ ማመስና ኦቾሎኒ መቁላት የተወሰነውን ይቀንሳሉ። ሊጥ ማቡካትም እንዲሁ የተወሰነውን እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ግን ቀነሰ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፤ በዚህ ላይ ተማምኖ የሻገተ እህል ወደ ወፍጮ መላክ ራስን መሸወድ ነው።

አሁን ስለ ሁለቱ ከተሞች፣ ስለ ደሴና ስለ ኮምቦልቻ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን በመካከላቸው ያለውን የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ የጨረሰ ሰው ጃኬቱን ያወልቃል። ይህ ሻጋታ መርዙን በደንብ የሚያመርተው ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ እርጥበት ካገኘ ደግሞ ሌላ ምን ይፈልጋል። ስለዚህ ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ፣ ባቲና ከሚሴ ከደሴ ይልቅ ይመቹታል። ደሴዎች ግን «እኛ ብርድ ነን» ብላችሁ አትኩራሩ። ማሽላው፣ በርበሬውና ኦቾሎኒው ከቆላ ነው የሚወጣላችሁ። ቆላ ላይ የተሠራ መርዝ ሀረጎን በአይሱዙ ሲወጣ አይቀንስም። በዚያ ላይ የደሴ ጉም ስጦ አያደርቅም። የበልጉ ዝናብ ሳይታሰብ ሲመጣ በርበሬው ግቢ ውስጥ እንደተሰጣ የረጠበበት ሰው ያውቀዋል።

ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል? ብዙ ከተበላ በአንዴ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ምሥራቅ ኬንያ ውስጥ 317 ሰው ታሞ 125ቱ ሞቷል። ምክንያቱ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ ነበር። የእኛ ስጋት ግን ይበልጥ ጥቂት ጥቂቱ ነው፤ በየቀኑ፣ ለዓመታት የሚገባው። ጉዳቱ ጉበት ላይ ይከማቻል። የሚገርመው፣ መርዙን ወደ አደገኛ መልኩ የሚቀይረው ራሱ ጉበት ነው። ሊያስወግደው ብሎ ሲሰባብረው ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅ ነገር ይወጣዋል። የካንሰር መነሻ ከዚያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል፤ ሲጋራም ያለው እዚያው ነው። ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው ደግሞ አደጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ቫይረሱ በአገራችን ብርቅ ስላልሆነ ይህን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። በልጆች በኩል መርዙ ከእድገት መቀንጨር ጋር እንደሚያያዝ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ጥናቶች ያሳያሉ።

ምን ያህል ነው ብዙ የሚባለው? አሜሪካኖች ለምግብ የፈቀዱት በኪሎ እስከ 20 ማይክሮ ግራም ነው። በኩንታል ስናሰላው 2 ሚሊ ግራም ይሆናል። በጣት ከምንቆነጥረው ጨው እጅግ ያነሰ ነው፣ ለመቶ ኪሎ። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬና ለቅመም ያስቀመጠው ልክ በኪሎ 10 ነው። ከኢትዮጵያ በሚገባ በርበሬና ቅመም ላይ ኅብረቱ የተጠናከረ ቁጥጥር የጣለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እና ይህን መጠን አይን አያየውም፣ ምላስ አይቀምሰውም፣ አፍንጫም አያሸተውም።

ስለዚህ መሣሪያ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች የተጠቀሙት ቀላል ነገር ነበር፤ አልትራቫዮሌት መብራት። ከእህሉ የወጣውን ፈሳሽ ለያይተው ሲያበሩበት አንዳንዱ ሰማያዊ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ቢ1፣ ቢ2፣ ጂ1፣ ጂ2 የሚባሉት ስሞች ከዚያ የቀሩ ናቸው። ከሁሉም ክፉው ቢ1 ነው። ዛሬ ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ክሮማቶግራፊና ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባሉ ውድ ማሽኖች አሏቸው። መጋዘን በር ላይ የሚሠራ ወረቀትም አለ፤ የእርግዝና መመርመሪያ የሚመስል። እህሉ ይፈጫል፣ በአልኮል ይበጠበጣል፣ ወረቀቱ ይነከራል፣ ትንሽ ይጠበቃል። ግን አነባበቡ የተገላቢጦሽ ነው። መስመሩ ደምቆ ከታየ ደህና ነው፣ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ነው የሚፈራው።

ማሽኑ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ግን አንድ ነገር ያሸንፈዋል። መርዙ በጆንያው ውስጥ እኩል አይሰራጭም። ከአንድ ጆንያ ኦቾሎኒ ውስጥ ችግር ያለባቸው በጣት የሚቆጠሩ ፍሬዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እነሱ ግን ጆንያውን ሙሉ ከልክ በላይ ለማድረግ ይበቃሉ። ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ወስዶ «ተመርምሯል» ማለት እንግዲህ እንደ ሎተሪ ነው። የአውሮፓ ደንብ ትልቅ ጭነት ሲመጣ እስከ 100 ከሚደርስ ቦታ እየተቀነጨበ ይሰብሰብ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተፈጭቶ ይደባለቅ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ከሚፈጠረው ስህተት ይልቅ ናሙና ሲወሰድ የሚፈጠረው እንደሚበልጥ በዘርፉ ያሉ ሰዎች ደጋግመው ይናገራሉ። እንግዲህ «አንድ ላብራቶሪ ቢከፈትልን ነገሩ ያልቃል» የሚለው ሐሳብ ለእኔ ብዙም አይዋጥልኝም። ይከፈት፣ ደግ ነው። ግን ትልቁ ሥራ ስጦው ላይና ሰፌዱ ላይ ነው።

በአገር ውስጥም ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት 60 የሽሮና 60 የተፈጨ በርበሬ ናሙና መርምሮ ነበር። በ5ቱ ሽሮና በ8ቱ በርበሬ ውስጥ አፍላቶክሲን አገኘ። ብዙኃኑ ነጻ ነበር ማለት ነው። የተያዙት ግን በኪሎ ከ100 ማይክሮ ግራም ጀምሮ ነበራቸው። እኩል አይሰራጭም ያልኩት ይኸው ነው፤ ካለ የጉድ ነው፣ ከሌለ የለም።

ወደ ማድረቁ እንምጣ። ማሽላና በቆሎ ለማከማቸት እርጥበታቸው ከ13 በመቶ በታች መውረድ አለበት። ኦቾሎኒ ቅባት ስላለው ከዚያም ዝቅ ይላል፣ ወደ 7 በመቶ። መለኪያ መሣሪያ የለኝም ለሚል የጨው ዘዴ አለ። ክዳን ያለው ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ አምጡ። ሲሶውን በእህሉ ሙሉት። ሁለት ሦስት ማንኪያ በደንብ የደረቀ የገበታ ጨው ጨምሩበት። ክደኑና ለአንድ ደቂቃ ያህል ናጡት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ከ15 በመቶ በላይ። ካልተለጠፈ ከዚያ በታች ወርዷል። እኔ ብሆን ያኔም አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ አስጨምረዋለሁ። ስጦው ባዶ መሬት ላይ ባይሆን ይመረጣል፤ ሸራ ወይም ሰሌን ይነጠፍ። አፈር የሻጋታው ቤት ነው ብለናል።

ማከማቻው ላይ ቆላ ውስጥ ማሽላ በጉድጓድ የማኖር ልማድ አለ። ከነቀዝም ከሌባም ይጠብቃል፣ ጥበቡን አልንቅም። ግን ከግድግዳው የሚመጣው እርጥበት ዳር ያለውን እህል ያበላሻል። ሲከፈት ዳር ዳሩን ለይቶ ማስቀረት ያስፈልጋል፤ ከመሐሉ ጋር አዋህዶ ማውጣት ትልቁ ጥፋት ነው። ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ጥሩ አማራጭ ነው፤ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ሳይደርቅ የገባ እህል ግን እዚያም ይበላሻል።

መልቀም ደግሞ አለ። ይህን የእናቶቻችንን ሥራ ሳይንሱ ያከብረዋል። መርዙ የሚበዛው በተጨማደደው፣ ቀለሙ በተቀየረው፣ በተሰበረው፣ ነቀዝ በበሳውና በቀለለው ፍሬ ላይ ነው። እነዚያን በሰፌድ አንገዋሎ፣ በእጅ ለቅሞ ማውጣት መርዙን አብዛኛውን ሊያወጣው ይችላል። ፈረንጆቹ ይህንኑ የሚሠራ ካሜራ ያለው ማሽን ለኦቾሎኒ ፋብሪካ ይሸጣሉ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ በወረቀት ጠቅልለው ኦቾሎኒ ሲሸጡላችሁም መዳፋችሁ ላይ አፍሱትና እዩት። የጠቆረና የተጨማደደ ካለ ጣሉት። የመረረውን ደግሞ ትፉት፤ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

በርበሬን የምገዛው ዛላውን እንጂ ዱቄቱን አይደለም። ምክንያቴ ይህ ነው፤ ዛላ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ይታያል። ፍሬው ዙሪያ ግራጫ ወይም አረንጓዴ አቧራ ያለው ይወገዳል። ዱቄት ከሆነ በኋላ ሁሉም ቀይ ነው። ሌላው፣ አንዳንድ ነጋዴ ዛላው እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ ይረጭበታል። ስትጨብጡት የሚለመጥ እንጂ የማይንኮሻኮሽ ዛላ ካጋጠማችሁ ዋጋው ቢቀንስም እለፉት። ቤት ውስጥም ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተወቅጦ ዳግም ሲሰጣ እርጥብ ነው። ያ ሁለተኛው ስጦ ሁለትና ሦስት ቀን በጉም ከተያዘ ሻጋታው ዕድል አገኘ ማለት ነው። ያኔ ቀጭን አድርጎ ዘርግቶ ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ ነው መፍትሄው።

ማሳ ላይ የሚሠራም ጥበብ አለ። አፍላሴፍ ይባላል፤ ናይጄሪያ ያለው ዓለም አቀፍ የሐሩር ክልል ግብርና ተቋም ከአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ያመጣው ነው። መርዝ መሥራት የማይችሉ የዚያው ሻጋታ ዘመዶች ተፈልገው በተቆላ ማሽላ ላይ ይለበጣሉ። ሰብሉ ከማበቡ ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት በሄክታር 10 ኪሎ ይበተናል። ጨዋዎቹ ቀድመው ቦታውን ይይዙና መርዘኞቹን ያስርቧቸዋል። ናይጄሪያና ኬንያን በመሳሰሉ አገሮች መርዙን ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። ለእያንዳንዱ አገር ከዚያው አገር አፈር የተገኘ ዘመድ መመረጥ አለበት።

የተለቀመው የት ይግባ? እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንስተው። የተጣለው እህል ለዶሮ ይበተናል፣ ለላም ይሰጣል፣ ወይም ለብቅል ይሆናል ተብሎ ለጠላ ይቀመጣል። ጠላው ውስጥ ያው መርዙ አለ። ላሟ ደግሞ ቢ1ን ስትበላ ጉበቷ ኤም1 ወደሚባል ይቀይረውና በወተት ታወጣዋለች። ያውም በ24 ሰዓት ውስጥ። ወተት ማፍላት ኤም1ን አያጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ወስዶ በሁሉም ላይ ኤም1 አግኝቷል። የአውሮፓን ልክ ያሟሉት ከመቶ 8 ገደማ ብቻ ነበሩ። ከመኖው ውስጥ ዋናው ጥፋተኛ የኑግ ፋጉሎ ሆነ፤ በኪሎ ከ290 እስከ 397 ማይክሮ ግራም ተለክቶበታል። ፉርሽካው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበረው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በየግቢው ላም የሚያረባው ሰውም ይህንኑ ፋጉሎ ነው የሚገዛው። ፋጉሎ ሲገዛ የረጠበውንና የሸተተውን መመለስ፣ ቤት ሲገባም ከሲሚንቶ ወለል ከፍ አድርጎ እንጨት ላይ መደርደር ይገባል። የተለቀመው የሻገተ እህል ይቃጠል ወይም ርቆ ይቀበር። ደግነቱ ላሟ ቂም አትይዝም፤ የተበከለው መኖ ከቆመላት በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ ኤም1 ከወተቷ ይጠፋል።