ነጻ ሕክምና በድሬዳዋ፦ የድሃ ታካሚዎች የጤና ስጋቶች

በድሬዳዋ ነጻ ሕክምና በአንድ ተቋም ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ በተለያዩ መንገዶች ይገኛል። የሳንባ ነቀርሳ፣ የወባና የኤችአይቪ ምርመራና ሕክምና፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ለማንም ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ለሌላው ሕመም ደግሞ መክፈል የማይችል ሰው ከቀበሌው ደብዳቤ አጽፎ ይታከማል፤ ወይም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ሆኖ በዓመት አንድ ጊዜ በሚከፈል መዋጮ ይስተናገዳል። መዋጮውን እንኳ መክፈል ለማይችሉት የድሃ ድሃዎች መንግሥት ይሸፍንላቸዋል።

በእነዚህ መንገዶች የሚመጣው ታካሚ ቀኑን በጉልበቱ የሚያድር ነው፦ በቀፊራ ገበያ ጭነት የሚያወርድ፣ በመንገድ ዳር ሻይ የምታፈላ፣ ሰው ቤት የምትሠራ፣ ከሐረርጌ ገጠር ዝናብ ቀርቶበት ወደ ከተማ የወረደ፣ ጡረታው ለቤት ኪራይ ብቻ የሚበቃው ሽማግሌ። ጤና ጣቢያው የሚያገኘው ሕመማቸውን መጨረሻው ላይ ነው። መነሻው ግን በአብዛኛው ቤታቸውና ሥራቸው ውስጥ ነው፤ ከሁሉም በላይ ውሃ በሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ከዚራና መጋላ የተባሉትን ሰፈሮች የሚለየው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ከተማዋ የምትጠጣው ከርሰ ምድር ውሃ ነው። ቧንቧ ሁልጊዜ ስለማይፈስ ሰው ውሃ ያጠራቅማል። አቅም ያለው በጣሪያው ላይ የተከደነ ሮቶ ይሰቅላል። ድሃው ግቢው ውስጥ በርሜል ያቆምና በቆርቆሮ ቁራጭ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፍነዋል። ዴንጊና ቺኩንጉንያ የተባሉትን ትኩሳት የሚያመጡ በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ውሃ ነው። እንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብሎ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ እንቁላሉ ለወራት ደርቆ ይቆይና ውሃ ሲደርሰው ይፈለፈላል። በርሜሉን መድፋት ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ውስጡ በሳምንት አንድ ጊዜ በብሩሽ ወይም በአሸዋ መፈተግ አለበት። ውሃ ለማግኘት ወረፋ የጠበቀች እናት በርሜሏን አራግፋ እንድትፈትግ መምከር ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ ምክሩን ከሰጠን የውሃውን ነገርም አብረን ልናስብላት ይገባል።

በ2006 ዓ.ም. መግቢያ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው የዴንጊ ወረርሽኝ የተነሣው በድሬዳዋ ነበር፤ ከ9 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማዋን ጠራርጎ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። ቺኩንጉንያ እምብዛም አይገድልም፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ደመወዝተኛ ፈቃድ ወስዶ ያርፋል። ኩንታል ተሸክሞ የሚያድር ሰው ጉልበቱ ሲያዝ ቤቱ ውስጥ እራት ይቀራል።

ወባም ጠባይዋን ቀይራለች። ድሮ ወባ የገጠርና የዝናብ ማግሥት በሽታ ነበረች። ከደቡብ እስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ግን ከተማ ውስጥ፣ ሰው ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ትራባለች። በመጀመሪያ በጅቡቲ ታየች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ተገኘች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ በደረቁ ወራት ጭምር የወባ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ጉዳዩን ያጠኑት የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከዚችው ትንኝ ጋር አያይዘውታል። እንግዲህ አንድ በርሜል የሦስት በሽታዎች መነሻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው በጣቱ ደም ይመረመራል። ወባ ከሆነ መድኃኒቱን በነጻ ይዞ ይሄዳል። ምርመራው ወባ የለም ሲል ነው ችግሩ። የዴንጊ ምርመራ እንደ ልብ አይገኝም፤ ታካሚውም ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስለማይችል ከመድኃኒት ቤት እንደ ዲክሎፌናክ ወይም አስፕሪን ያለ ማስታገሻ ገዝቶ ይውጣል። ሕመሙ ዴንጊ ከሆነ እነዚህ መድኃኒቶች መድማትን ያባብሳሉ፤ የሚፈቀደው ፓራሲታሞል ነው። ሌላው አሳሳች ነገር የዴንጊ አደገኛ ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ መጀመሩ ነው። ተሻለኝ ብሎ ወደ ሥራ የተመለሰ ሰው ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ድዱ ከደማ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መመለስ አለበት። ይህን ታካሚው ከመሄዱ በፊት በሚገባው ቋንቋ ሊነግሩት ይገባል።

ቋንቋ ስል በድሬዳዋ ትልቅ ጉዳይ ነው። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በአንድ ወረፋ ላይ ይሰማሉ፤ የከተማዋ ልጆች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ልብ አይሉትም። ከገጠር የመጣች እናት ግን አንዱን ብቻ ታውቃለች። ብዙ ጊዜ የምታስተረጉመው የአሥር ዓመት ልጇን ነው፤ በልጇ አፍ ስለ ማሕፀኗ ሕመም ልትናገር አትደፍርም። ሦስቱንም ቋንቋ የምትችል ነርስ «እናቴ፣ ልጁ ደጅ ይቆይ፤ እኔ አለሁ» ስትላት የምርመራው ውጤት ሊለወጥ ይችላል።

የሳንባ ነቀርሳ ሌላው የድሃ ቤት በሽታ ነው። መስኮት በሌላት አንዲት ክፍል ቤተሰብ ሙሉ ያድራል፤ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቃምበት ክፍልም ለሰዓታት ተዘግቶ ይቆያል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው አክታውን መመርመር አለበት። ሕክምናው በነጻ ነው፤ የተለመደው ጊዜ 6 ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ታካሚው በየዕለቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ በባለሙያ ፊት መድኃኒቱን ሲውጥ፣ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ሥራ የሚያገኘው በዚያው በማለዳው ሰዓት ነው። ሁለቱ ሲጋጩ የሚቀረው መድኃኒቱ ይሆናል፤ የተቋረጠ ሕክምና ደግሞ መድኃኒት የተለማመደ ባክቴሪያ ሊያስከትል ይችላል። ትንሽ የሚመስል ሌላም ምክንያት አለ፦ ከነቀርሳው መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ደም መስሎት ይደነግጥና በራሱ ያቆማል።

ለዓይን የማይታየው ስጋት የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ነው። እነዚህ ለሁሉም በነጻ ከሚሰጡት አገልግሎቶች ውስጥ አይደሉም። መድህን ወይም ደብዳቤ የሌለው ሰው መድኃኒቱን በገንዘቡ ይገዛል፤ የአሥር ቀን ይገዛና ሕመም ስለማይሰማው ይተወዋል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ቃሚው ራስ ምታቱን በዚያው በጫቱ ያስታግሳል።

ኢንሱሊን የሚወጉ ድሆች ደግሞ ከሙቀቱ ጋር ይታገላሉ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ማቀዝቀዣ የሌላት እናት የተማረችው ዘዴ ይህ ነው፦ በሰፊ የሸክላ ዕቃ ውስጥ አሸዋ ታደርጋለች፣ አሸዋው መሐል ትንሽ ማሰሮ ትቀብራለች፣ ብልቃጡን በፌስታል አሥራ ማሰሮው ውስጥ ታስቀምጥና አፉን በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍናለች። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ታርሳለች። ውሃው ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። የማቀዝቀዣውን ያህል ባይሆንም ከቤቱ ሙቀት ያድነዋል፤ ውሃ ሲጠፋ ግን አሸዋው ይደርቃል። የውሃ እጥረት እዚህም ይከተላታል።

በሙቀት የሚሠሩ ሰዎች የኩላሊት ጠጠርም ያሰቃያቸዋል። ሰው ጥፋቱን በውሃው ጨዋማነት ያላክካል፤ ይበልጥ የሚታወቀው መንስኤ ግን ብዙ እያላቡ ጥቂት መጠጣት ነው። የደቻቱ ዳርቻ ነዋሪዎች የጎርፍ ስጋትም አለባቸው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሎ ሺዎችን አፈናቅሏል። ሕፃናት ላይ ተቅማጥና የምግብ እጥረት ይደራረባሉ። የልጁ ክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ምግብ መግባት አለበት።

ነጻ የሆነው ሕክምና ራሱ ወጪ አለው። የባጃጅ ሒሳብ አለ፣ የቀረ የቀን ሥራ አለ፣ «አልቋል፤ ከውጭ ግዙ» የተባለ መድኃኒት አለ፣ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ሲላኩ የአስታማሚ ስንቅ አለ። ደብዳቤውም የቀበሌ መታወቂያ ይጠይቃል። በረንዳ የሚያድር ወይም በቅርቡ የመጣ ተከራይ መታወቂያ ላይኖረው ይችላል። ይህ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ቢይዘው በነጻ ይታከማል፤ የደም ግፊት ቢይዘው ግን ወረቀት አምጣ ይባላል። እነ አምሎዲፒን (ለደም ግፊት) እና ሜትፎርሚን (ለስኳር) የቆዩና ርካሽ መድኃኒቶች ስለሆኑ፣ በእኔ እምነት እንደ ወባና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ያለ ደብዳቤ መሰጠት ነበረባቸው። ግፊቱ ሳይታከም ቆይቶ ግማሽ አካሉ የማይታዘዘው ሰው ሆስፒታል ሲገባ፣ አልጋውንም ምርመራውንም የሚሸፍነው ያው መንግሥት ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እሱን ለመንከባከብ ሚስቱ ወይም ልጁ ሥራቸውን ይተዋሉ።