«አልፈልግም» ያለችው ሴት ፍላጎት አላት?

ባሕር ዳር ውስጥ የሥነ ተዋልዶ ጤና ማስተርስ የሚማር ጓደኛ ካላችሁ «ያልተሟላ የቤተሰብ ዕቅድ ፍላጎት» ሲል ሳትሰሙት አትቀሩም። ስሙ ያሳስታል። ሴትዮዋ ጤና ጣቢያ ሄዳ የእርግዝና መከላከያ ያጣች ያስመስላል።

ነገሩ ሌላ ነው። ዘጌ ያለች አንዲት ባለትዳር እናስብ። የመጨረሻ ልጇ አራት ዓመት ሞልቶታል። ቀጣዩን የምትፈልገው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ግን ምንም አትጠቀምም። የመከላከያ መርፌው ያሳምመኛል ብላ ፈርታለች፣ ወይም ባሏ አይወድም። «መከላከያ ትፈልጊያለሽ?» ብትሏት «ኧረ በስመ አብ!» ትላለች። ስሌቱ ግን ያልተሟላ ፍላጎት ካላቸው ጋር ይደምራታል። እዚህ ላይ «ፍላጎት» የተባለው እርግዝናን ማዘግየት ወይም ማቆም ነው። መድኃኒቱን መውደድ አይደለም።

ያረገዘችም ልትቆጠር ትችላለች። እርግዝናው ሳታስበው ወይም ያለጊዜው ከመጣ ማለት ነው። ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ የምትፈልግ ግን አትገባም። ቀን ቆጥራ የምትጠነቀቀውስ? በተለመደው ስሌት መከላከያ ተጠቃሚ ናት፤ ስለዚህ እዚህ አትቆጠርም። (እኔን ብትጠይቁኝ ይሄ ትንሽ ያከራክራል።)

በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያልተሟላ ፍላጎት ያላቸው ከባለትዳር ሴቶች 22 በመቶ ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «መከላከያ ይላክ» ይላል። የዘጌዋ ሴት ግን መከላከያው ደጇ ድረስ ቢመጣም አትወስደውም። እሷ የምትፈልገው ስለ መርፌው የጎንዮሽ ጉዳት በቅጡ የሚያስረዳት ሰው ነው።