አሜሪካ ውስጥ ሪከርድ ታሸገ ሲባል፦ የሚወራው እና እውነታው

እዚህ አሜሪካ አንድ ሰው ታስሮ ከወጣ በኋላ መካሪው ብዙ ነው። ታክሲ ተራ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «አይዞህ፣ ሪከርድህ ይዘጋል» ይባላል። ሪከርድ የወንጀል መዝገብ ነው፣ ታሸገ ወይም ተዘጋ ሲባል ደግሞ መዝገቡ ሳይጠፋ ከሕዝብ ዕይታ ተደበቀ ማለት ነው። ማጽናናቱ ጥሩ ነው። ግን ከሚባለው ብዙው ስህተት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከሥራም አልፎ ግሪን ካርድ ያስነጥቃል።

«ክሱ ከተነሳልኝ ሪከርድ የለኝም»

አለ። መያዛችሁ፣ አሻራ መስጠታችሁ፣ ክስ መከፈቱ ሁሉ ተመዝግቧል። ክሱ መነሳቱም እዚያው ላይ ይጻፋል እንጂ መዝገቡን አያጠፋውም። በብዙ ስቴቶች «ይታሸግልኝ» ብላችሁ ማመልከት ያለባችሁ እናንተው ናችሁ። በራሱ እንዲታሸግ መጀመሪያ ሕግ ያወጣችው ፔንሲልቬኒያ ናት፣ በ2018። ሌሎችም ተከተሉ። የኒውዮርኩ ሕግ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ይሠራል፦ ለቀላል ወንጀል 3 ዓመት፣ ለከባድ 8 ዓመት ይጠበቃል፣ በመሃል ሌላ ጥፋት ከሌለ። ግን የቆየውን መዝገብ አሽጎ ለመጨረስ እስከ ኖቬምበር 2027 ጊዜ ስለተሰጠ፣ ዓመቱ ሞላ ማለት ታሸገ ማለት አይደለም። ጠይቁ።

«7 ዓመት ካለፈው ይጠፋል»

ይሄ በጣም የተስፋፋ ነው፣ የመጣውም ከእውነት ነው። የፌዴራሉ ሕግ ባክግራውንድ ቼክ የሚሠሩ፣ ማለትም ለቀጣሪ የሰውን የኋላ ታሪክ የሚያጣሩ ኩባንያዎች ጥፋተኛ ያልተባላችሁበትን እስር ከ7 ዓመት በኋላ እንዳያወጡ ይከለክላል። ያውም የሥራው ደመወዝ በዓመት 75,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክልከላው አይሠራም። ጥፋተኛ የተባላችሁበት ፍርድ ግን በፌዴራል ሕግ የጊዜ ገደብ የለውም፣ 20 ዓመት ቢያልፈውም ይወጣል። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች የራሳቸው ጠበቅ ያለ ገደብ አላቸው። ፍርድ ቤት ያለው መዝገብ ግን በ7 ዓመት የትም አይሄድም።

«ታሽጎም ቢሆን ለቀጣሪ መናገር አለብኝ»

እዚህ ላይ ሰው ያለ አግባብ ይፈራል። እንደ ፔንሲልቬኒያ ባሉ ስቴቶች ሪከርዱ የታሸገለት ሰው ተራ ቀጣሪ ሲጠይቀው «የለኝም» ማለት ይችላል። ሕጉ የፈቀደው ነው፣ ውሸት አይባልም። የስቴታችሁን ሕግ አይታችሁ፣ መብታችሁ ከሆነ ተጠቀሙበት።

«ከታሸገ ማንም አያየውም»

ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ያዩታል። አሻራ የሚጠይቅ ሥራም ሌላ ነገር ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ከሕፃናት፣ ከአረጋውያን ወይም ከአካል ጉዳተኞች ጋር ለሚያሠራ ሥራ በአሻራ ሲጣራ የታሸገውም ሊታይ ይችላል። አረጋውያን መንከባከብ ላይ የተሰማራ ወገናችን ብዙ ስለሆነ ይሄን ልብ በሉ።

«ባክግራውንድ ቼኩ ላይ ከወጣ በቃ፣ ሥራው ቀረ»

ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ባክግራውንድ ቼክ ከሚሠሩት ኩባንያዎች አንዳንዶቹ ያረጀ ዳታ ይዘው ስለሚቀመጡ የታሸገ ነገር በስህተት ሊወጣ ይችላል። ቀጣሪው በሪፖርቱ ምክንያት ሊከለክላችሁ ካሰበ አስቀድሞ የሪፖርቱን ኮፒ ሊሰጣችሁ ይገደዳል። ያንን ወረቀት አንብቡት። ስህተት ካለ ሪፖርቱን ላወጣው ኩባንያ በጽሑፍ ተቃውሞ አስገቡ፣ ፍርድ ቤት ያሸገበትን ትእዛዝ አያይዙ። ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ ማረም አለበት። ቀጣሪውንም «እየተስተካከለ ነው፣ ትንሽ ጠብቁኝ» በሉት።

«ለኢሚግሬሽንም ተዘግቷል»

አልተዘጋም! ስንት ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። የሲቲዝንሽፕ ፎርሙ፣ ኤን-400 የሚባለው፣ ታስረህ ታውቃለህ ወይ ሲል የታሸገም የተሰረዘም ቢሆን ተናገር ብሎ በግልጽ ጽፎታል። አሻራ ስለሚወስዱ እስሩን ሊያገኙት ይችላሉ፣ ያን ጊዜ ጥያቄው ከድሮው ጥፋት ወደ መዋሸት ይዞራል፣ እሱ ደግሞ ብቻውን ማመልከቻ ያስጥላል። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ የኢሚግሬሽን ሕግ «ጥፋተኛ» የሚለውን የሚተረጉመው በራሱ መንገድ ነው። ጥፋተኛ ነኝ ብላችሁ ዳኛው ትንሽ ፕሮቤሽን (ከእስር ውጭ ሆኖ በክትትል መቆየት) ቢሰጣችሁና በኋላ ክሱን ቢሰርዝላችሁ፣ ስቴቱ ምንም የለባችሁም ይላል፣ ኢሚግሬሽን ግን ጥፋተኛ ብሎ ሊይዛችሁ ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር። ገና ክስ ላይ ያላችሁ፣ «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለታችሁ በፊት ዜግነት እንደሌላችሁ ለጠበቃችሁ ንገሩት። በመንግሥት የተመደበ ጠበቃም ቢሆን ጥፋተኝነቱ ከአገር ያስወጣ እንደሆነ የመንገር ግዴታ አለበት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የወሰነው ነው። ጉዳያችሁ ያለቀ ደግሞ፣ ከማሸጋችሁ በፊት ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ጉዳዩ እንዴት እንዳለቀ የሚገልጸውን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁለት ሦስት ኮፒ አውጡ። ኢሚግሬሽን ያንኑ ወረቀት ይጠይቃችኋል፣ ከታሸገ በኋላ ደግሞ ለራሳችሁም ቢሆን ማውጣቱ ሊያስቸግር ይችላል።