የሬቲና ምርመራ ምንድን ነው? ፊደል ማስነበብ አይደለም

«የመጨረሻውን መስመር ጥርት አድርጎ አነበበ፤ ዓይኑ ደህና ነው ተባልን።» ስኳር ካለባቸው ልጆች ወላጆች ይህን ስንቴ እንደሰማሁ! ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ልጁ ብዥ አለብኝ እስኪል ምን አስቸኮላችሁ?» ብሎ ሲመክር አየሁ። ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሬቲና ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ነው። ፊደል የምናነበው በመሃሉ ባለች ትንሽ ቦታ ነው። ስኳር በሬቲናው የደም ሥሮች ላይ የሚያመጣው ችግር እሷን እስካልነካ ድረስ ልጁ እንደ ወትሮው ያያል።

የአትክልት ማጠጫ ጎማ አስቡ። ውስጡ አጥብቆ የሚይዘው ክር አለ። የሬቲና ቀጫጭን ሥሮችም ዙሪያቸውን የሚደግፏቸው ሴሎች አሏቸው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር እነዚህን ሴሎች ይገድላል። ክሩ የሳሳበት ቦታ ያብጣል። ውሃው ግን አሁንም ይሄዳል፤ ተክሉም ለምለም ነው። እኛ የምንፈልገው ያቺን እብጠት ነው። በሬቲናው ፎቶ ላይ በመርፌ ጫፍ የተነካች የምትመስል ቀይ ነጥብ ናት። ቆይቶ ጎማው ያንጠባጥባል፣ ይደፈናልም። ተክሉ ከጠወለገ በኋላ ጎማውን ማየት ቅድመ ምርመራ አይባልም። አንድ ልዩነት አለ፦ ጎማ ራሱን አይጠግንም። ዓይን ላይ ግን ስኳሩ ሲስተካከል የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች ሊጠፉ ይችላሉ። የምቸኩለው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመው ትልቁ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ከ13 ዓመት ጀምሮ ያሉ ታዳጊዎችንም አካቶ ነበር። ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር፣ ሬቲናቸው ገና ባልተነካ ሰዎች ላይ ጉዳቱ የመጀመሩን ዕድል በ76 በመቶ ቀንሷል። ግን ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ ሬቲናው ለጊዜው ሊብስ ይችላል። ክትትሉን ማጥበቅ እንጂ ኢንሱሊኑን መቀነስ መፍትሔ አይደለም።

ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ልጅ ከታመመ ከ3 እስከ 5 ዓመት ሲሞላው ይመርመር፤ ይህም ዕድሜው 11 ከደረሰ ወይም ጉርምስና ከጀመረ ነው። ዓይነት 2 ከሆነ ግን ሕመሙ እንደታወቀ ወዲያው ነው።

ብዥታ ሁሉ ደግሞ የሬቲና ጉዳት አይደለም። ስኳር ከፍና ዝቅ ሲል የዓይን ሌንስም ይለዋወጣል። ስኳሩ ሳይረጋጋ መነጽር አታሠሩለት።

ከምርመራ ስትወጡ «ሬቲናው የዓይን ብሌን በሚያሰፋ ጠብታ ታየ ወይስ ፎቶ ተነሣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱም ካልተደረገ፣ የተለካው ዕይታው ብቻ ነው። ጠብታ ከተደረገለት የዚያን ቀን የቤት ሥራ ይቆየው፤ ለሰዓታት የቅርቡን ማንበብ ይቸገራል።