የተረፈ ቀረጻ አልበም ምንድን ነው?

«ተረፈ» የሚለው ግሥ ሁለት ፊት አለው። ከልብስ ሰፊ መቀስ ብጣሽ ጨርቅ ይተርፋል፤ ከመርከብ አደጋ ሰው ይተርፋል። የመጀመሪያው ያልተፈለገው ነው፤ ሁለተኛው ሳይጠፋ የቀረው። አንድ የሙዚቃ ቡድን ለዓመታት በሣጥን የቆዩ፣ ለአድማጭ ያልቀረቡ ቀረጻዎችን ሰብስቦ በአልበም ሲያወጣ አድማጮች የሚከራከሩት፣ ልብ ባይሉትም፣ በዚህ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ላይ ነው። አንዱ «ብጣሽ ሸጡልን» ይላል፤ ሌላው «እንኳንም ተረፈ» ይላል። ስፔስ ሮክ በሚባለው፣ የሕዋን ስፋት በሚያስታውስ የሮክ ሙዚቃ ስልት አፍቃሪዎች ዘንድ ክርክሩ ይበልጥ ይከራል። ለምን እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ ቀረጻ እንዴት እንደሚተርፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

ወደ ስቱዲዮ የገባ ቡድን ሁልጊዜ ከሚያወጣው በላይ ይቀርጻል። በሸክላ ዘመን ምክንያቱ በከፊል የቦታ ጥበት ነበር። የሸክላው አንድ ገጽ የድምፁ ጥራት ሳይጎዳ የሚይዘው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ለሁለቱ ገጾች አርባ ደቂቃ የሚሆን ሥራ ከተመረጠ በኋላ የቀረው፣ ጥሩም ቢሆን፣ ወደ መደርደሪያ ይሄዳል። አንዳንዱ ከአልበሙ መንፈስ ጋር አልሄድ ብሎ ይቀራል። አንዳንዱ የአንድ ዘፈን ሦስተኛ ወይም ሰባተኛ ሙከራ ነው፤ አምስተኛው ስለተመረጠ ሌሎቹ ተቀመጡ። ግጥም ያላገኘ ዜማ፣ ድምፃዊው ቃል በሌለው ማንጎራጎር የሞላው ናሙና፣ ጣት ለማፍታታት ተብሎ የተጫወቱት ነገር ሁሉ በድምፅ ክሩ ላይ ይኖራል። የተረፈ ቀረጻ የሚባለው ይህ ሁሉ ነው። ከምርጥ ዘፈኖች ስብስብ የሚለየው ቀድሞ ያልተሰማ በመሆኑ ነው። ከመድረክ ቀረጻ የሚለየው ደግሞ ሲቀረጽ ታዳሚ ስላልነበረው ነው፤ ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይህ ሁለተኛው ነው። ማንም አይሰማኝም ብሎ የሚጫወት ሰው እጁ ሌላ ነው፤ ይፈራል፣ ይደፍራል፣ ይሳሳትና ስሕተቱን ተከትሎ ይሄዳል።

ስፔስ ሮክ ደግሞ ተፈጥሮው ራሱ ቀረጻ የሚያስተርፍ ሙዚቃ ነው። ይህ ስልት በ1960ዎቹ መጨረሻ በብሪታንያ መልክ ያዘ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምቱ እየተደጋገመ ሰመመን ውስጥ ይከታል፤ ጊታሩ በማስተጋባት ተሞልቶ ይንሳፈፋል፤ ኦርጋንና ሲንተሳይዘር ሰፊ ባዶ ቦታ ያለ እስኪመስል ድረስ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋሉ። ፒንክ ፍሎይድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ፣ እንዲሁም በ1969 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ሀውክዊንድ የዚህ መንገድ ጠራጊዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ተጽፎ አይመጣም፤ እየተጫወቱ ይፈለጋል። ክሩ ይዞራል፣ ተጫዋቾቹ አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰሙ ይሄዳሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ነገሩ ይገናኛል። 760 ሜትር ገደማ የሚረዝም የስቱዲዮ ክር በሴኮንድ 38 ሴንቲሜትር እየተጓዘ 33 ደቂቃ ያህል ይቀርጻል፤ ያንን ሁሉ አንድ ፍለጋ ብቻ ሊውጠው ይችላል። ከዚያ ውስጥ ወደ አልበም የሚገባው ምናልባት አራት ደቂቃ ነው። መቀሱ የሚመጣው በኋላ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱ። በሦስት ደቂቃ ዘፈን ዓለም የተረፈው ጣሪያ ያላረፈበት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ጉድለቱ ያስታውቃል። በስፔስ ሮክ ግን የተረፈውና የተመረጠው ከአንድ ወንዝ የተቀዱ ናቸው፤ የሚለያዩት በተቀዱበት ቦታ ነው። በጀርመን ኮሎኝ የተመሠረተውን ካን የተባለውን ቡድን እዚህ ላይ ሳልጠቅስ አላልፍም። ስፔስ ሮክ ውስጥ መመደቡ ያከራክራል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ለሰዓታት ይጫወታሉ፤ የቤዝ ተጫዋቹ ሆልገር ቹካይ ክሩን እየቆረጠና እየቀጠለ ቅርጽ ያወጣለታል። በ2012 ከሠላሳ ሰዓት በላይ ከሚሆን የቆየ ክር ተመርጦ በሦስት ሲዲ «የጠፉት ክሮች» በሚል ስም የወጣው ሥራቸው፣ ብዙ አድማጮች ከዋናዎቹ አልበሞች ጎን ያለ ኀፍረት የሚያስቀምጡት ነው።

የተረፈ ነገር ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ግን የፒንክ ፍሎይድ የኪቦርድ ተጫዋች የሪቻርድ ራይት ታሪክ ነው። በ1971 መጀመሪያ ቡድኑ ስቱዲዮ ሲገባ የተዘጋጀ ዘፈን አልነበረውም። አባላቱ እርስ በርሳቸው የማይያያዙ ቁርጥራጮችን መቅረጽ ያዙ፤ ስም ስላልነበራቸውም «ምንም» ብለው ጠሯቸው፤ ምንም አንድ፣ ምንም ሁለት እያሉ እስከ ሃያ አራት። ከእነዚህ መካከል ራይት በፒያኖ የመታት፣ በሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ ውስጥ አልፋ ከጥልቅ ባሕር እንደሚመጣ ጥሪ የምትሰማ አንዲት ነጠላ ኖታ ነበረች። የ23 ደቂቃው «ኤኮስ» የሚጀምረው በእሷ ነው። ሌላም አለ። ለጣሊያናዊው የፊልም ዳይሬክተር ለአንቶኒዮኒ የ1970 ፊልም ብሎ የሠራው የተረጋጋ የፒያኖ ዜማ ሳይፈለግ ቀርቶ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ ያው ዜማ በ1973ቱ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» ውስጥ «አስ ኤንድ ዘም» ሆነ። ዛሬ ያንን ዘፈን ሰምቶ «ይህ እኮ ከፊልም የተጣለ ነው» የሚል ማን አለ?

አሁን ክርክሩ ወደሚሞቅበት አልበም እንምጣ። በ1993 የፒንክ ፍሎይድ አባላት ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር፣ ከበሮ መቺው ኒክ ሜሰንና ራይት እንደ ድሮው በነጻ እየተጫወቱ ብዙ ሰዓት ቀረጹ። በ1994 ከዚያ ሥራ «ዘ ዲቪዥን ቤል» ወጣ፤ የቀረው ተቀመጠ። ራይት በ2008 በ65 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። ከእሱ ሞት በኋላ ሃያ ሰዓት ገደማ የሚሆነው ክር እንደገና ተከፈተ። ጊታሪስቱ ፊል ማንዛኔራ እየሰማ መረጠ፤ ሌሎች አዘጋጆችም ገቡበት፤ ጊልሞርና ሜሰን አዲስ ጊታርና ከበሮ ጨመሩ። በኅዳር 2014 «ዘ ኢንድለስ ሪቨር»፣ ማለትም «ማብቂያ የሌለው ወንዝ»፣ ተብሎ ወጣ። 53 ደቂቃ ነው፤ በአራት ክፍል ተደርድሯል፤ በግጥም የተዘፈነው አንድ ዘፈን ብቻ ነው። በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። አድማጩ ግን ለሁለት፣ ምናልባትም ለሦስት ተከፈለ።

ቅሬታ ያላቸው አድማጮች የሚሉት ቀላል አይደለም። ሙዚቃው ይጀምራል እንጂ አይደርስም ይላሉ። አንድ ስሜት ይከፈታል፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ሊያብብ ሲል ይደበዝዝና ቀጣዩ ይተካዋል። ይህን ስሰማ እውነት አላቸው እላለሁ፤ በአልበሙ ውስጥ ሦስት አራት ቦታ ላይ እኔም «ቀጥሉ እንጂ!» ብያለሁ። ደግሞም የዚህ ቡድን አድማጭ ሃያ ደቂቃ ታግሦ የሚጠብቅ አድማጭ ነው፤ ትዕግሥቱን መንገድ ላይ መጣል በደል ነው። ሌሎቹ በአንጻሩ ይህን አልበም የሚሰሙት እንደ ስንብት ነው። ለእነሱ ዋናው ነገር የራይት ጣቶች ናቸው፤ ከሞተ ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አዲስ ነገር ሲጫወት መስማት። ዜማው ደረሰ አልደረሰ ብለው አይጠይቁም።

ሦስተኛው ወገን ቁጥሩ ያነሰ ይመስለኛል፤ ጥያቄው ግን የሁሉ ስለታም ነው። «ይህ በእርግጥ የተረፈ ቀረጻ ነው?» ይላል። ሃያ ዓመት በቆየ ክር ላይ አዲስ ጊታርና አዲስ ከበሮ ከተጨመረ፣ የሰማነው የ1993ቱን ክፍል ነው ወይስ የ2014ቱን? የቆየውን እንዳለ፣ ከነጉድፉ ስጡን የሚሉ አሉ፤ የአንድ ኮርድ መሳት፣ በመካከል የተሰማ ሳል፣ «እንደገና እንሞክር» የሚል ድምፅ ለእነሱ የእውነት ማኅተም ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ልቤ ለሁለት የተከፈለ ነበር። አሁን የማምነው ግን ሁለቱም መንገዶች ትክክል ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው፤ ትክክል ያልሆነው አንዱን ሌላ ብሎ መሸጥ ነው። የአድማጭን ቁጣ ስመረምር አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ሙዚቃው ውስጥ ሳይሆን ሽፋኑ ላይ አገኘዋለሁ። «አዲስ አልበም» ተብሎ የተገዛ ናሙና ያስቆጣል። «ከቀደሙ ቀረጻዎች» ተብሎ የተገዛው ያው ናሙና ደስ ያሰኛል። «ዘ ኢንድለስ ሪቨር» ከየት እንደመጣና ለማን መታሰቢያ እንደሆነ በግልጽ ተነግሮለት ነው የወጣው፤ ስለዚህ በርካታ ጉድለቶቹን ያለ ቂም ልሰማለት እችላለሁ።

ከዚህ የተለየ፣ ልብ የሚያሳዝን ዓይነትም አለ። አሳታሚና ቡድን ሲጣሉ፣ ወይም በውል የቀረ አንድ አልበም ሲኖር፣ መደርደሪያው ይጠረግና ያገኙት ይታተማል። ተጫዋቾቹ አልመረጡትም፣ አልቆረጡትም፣ ቅደም ተከተሉንም አላወጡም። እንዲህ ባለ አልበም ውስጥም እንቁ ሊገኝ ይችላል፤ ግን መቀሱን የያዘው እጅ ሙዚቃውን የሚያውቅ እጅ አይደለምና አድማጩ ራሱ ቆራጭ ይሆናል። ይዘላል፣ ይመልሳል፣ የራሱን ቅደም ተከተል ይሠራል።

የተረፈ ቀረጻ አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ቢጠይቀኝ ከዋናው አልበም ቀድመህ አትስማ እለዋለሁ። «ዘ ዲቪዥን ቤል»ን የማያውቅ ጆሮ በ«ዘ ኢንድለስ ሪቨር» ውስጥ የሚያልፈውን ጥላ አያይም። ዋናውን ከሰማ በኋላ ግን አንዱን ከሌላው ጋር እያመዛዘነ እንዳይሰማ፤ አንዱን ክፍል ብቻ መርጦ፣ ሌላ ሥራ ሳይዝ፣ እስከ መጨረሻው ይስማው። እኔ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደ ሦስተኛው ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ «ኦተም 68» የሚል፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ አጭር ነገር አለ። በዙሪያው ያለው የ1993 ቀረጻ ሲሆን፣ ይህኛው ውስጥ የምንሰማው ኦርጋን ግን ከሁሉ የቆየ ነው። በ1969 ለንደን በሚገኘው ሮያል አልበርት ሆል፣ ገና 25 ዓመት የሆነው ራይት በአዳራሹ ግዙፍ የቧንቧ ኦርጋን ፊት ተቀምጦ ተጫወተ፤ አንድ ሰውም ክር እያዞረ ቀረጸው። ከዚያ ለ45 ዓመት ተቀመጠ። እኛ ስንሰማው ተጫዋቹ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ኦርጋኑ ግን ገና እየተነፈሰ ነው።