የብሪታንያ ሥነ ጽሑፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የብሪታንያ ሥነ ጽሑፍ የሚማሩ ብዙ ተማሪዎች መጽሐፉን ከዘመኑ ነጥለው ነው የሚያነቡት። ሴራውን ያጠናሉ፣ ገጸ ባሕርያቱን ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ይገባሉ። በእኔ እምነት ጥፋቱ የስንፍና አይደለም። ሲደጋገሙ እውነት የመሰሉ አባባሎች አሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጄን ኦስተን የጻፈችው ስለ ፍቅርና ጋብቻ ነው፤ ታሪክ የለበትም።»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» በ1813 ሲታተም እንግሊዝ ከናፖሊዮን ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። በልቦለዱ ውስጥ ትንሿ ከተማ በወታደር የምትሞላው ለዚህ ነው። ሚስስ ቤኔት «ልጆቼን ልዳር» ብላ የምትጨነቀውስ? ርስቱ ለወንድ ወራሽ ብቻ እንዲተላለፍ ታስሯል። አባትየው ሲሞት ቤቱን ኮሊንስ የሚባል ዘመድ ይወስደዋል፤ አምስቱ ሴቶች ልጆች ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ይህን ያወቀ አንባቢ የልጆቹ ጓደኛ ሻርሎት ያንን አሰልቺ ኮሊንስን ስታገባ አይፈርድባትም።

በ1814 የወጣው «ማንስፊልድ ፓርክ» ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። የቤቱ ጌታ አንቲጓ ደሴት ላይ ርስት አለው። በዚያን ዘመን የአንቲጓ ሀብት ስኳር ነበር፤ ሸንኮራውን የሚያለሙት ባሪያዎች ነበሩ። ብሪታንያ የባሪያ ንግድን በ1807 ብትከለክልም ባርነቱን የሚሽር ሕግ ያወጣችው በ1833 ነው። የልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ፋኒ ስለ ባሪያ ንግድ ስትጠይቅ ቤቱ ጸጥ ይላል። ዘመኑን ያላወቀ ሰው ይህችን ጸጥታ ሳያያት ያልፋታል።

ስለ ሼክስፒር ተውኔት «ማክቤዝ» የሚባለው ደግሞ «የሥልጣን ጥማት ታሪክ ነው፣ በቃ» የሚል ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ስላቀረበልን ተውኔቱ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። የተጻፈው በ1606 ገደማ ነው። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝን ዙፋን የያዘው በ1603 ነበር፤ በ1597 ስለ ጥንቆላ መጽሐፍ አሳትሟል። በ1605 ከነፓርላማው በባሩድ ሊያጋዩት የዶለቱ ሰዎች ተያዙ። ጠንቋዮችና የንጉሥ ግድያ ለዚያ ተመልካች ትኩስ ጉዳይ ነበሩ። በተውኔቱ የማክቤዝ የጦር ጓድ የሆነው ባንኮ ደግሞ የጄምስ ቅድመ አያት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ሼክስፒር በተጠቀመበት ዜና መዋዕል ላይ ባንኮ የግድያው ተባባሪ ነው፤ ተውኔቱ ላይ ግን እጁ ንጹሕ ነው።

ታሪኩ ሁሉንም ይፈታል ማለቴ ግን አይደለም። ማክቤዝ እንቅልፍ የሚያጣበትን ሌሊት የንጉሥ ጄምስ ዘመን ብቻውን አያስረዳውም።

«ዲክንስ ልቦለዶቹን የሚያስረዝመው በቃላት ብዛት ስለሚከፈለው ነው» የሚለው ሐሰት ነው። ብዙዎቹ ልቦለዶቹ የሚወጡት በየወሩ፣ 32 ገጽ በሆነ ክፍል ነበር፤ ክፍያውም በክፍል ነው።

በመጨረሻ እኛኑ የሚመለከተው፦ «ራሴላስ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ መጽሐፍ ነው።»

ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሰው ይህ ሥራ፣ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ያሳተመው ነው። ጆንሰን አገራችንን በዓይኑ አላያትም። የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ በ1735 አሳትሟል። የኢትዮጵያ ነገሥታት ወንድሞቻቸውን ያስሩበት የነበረው አምባ ግሸን ተራራ ነው፤ በጆንሰን መጽሐፍ ልዑላኑ የሚኖሩት ግን ለምለም ሸለቆ ውስጥ ነው። መጽሐፉን የጻፈው እናቱ በሞቱበት ሰሞን፣ የቀብር ወጪ ለመሸፈን ነበር። «ሰው በዚህ ዓለም ደስታ ያገኛል ወይ?» የሚለው የልዑሉ የራሴላስ ጥያቄ በዚያን ጊዜ መላ አውሮፓን ያከራክር ነበር። ስለዚህ ከግሸን ታሪክ በተጨማሪ፣ በዚያው ዓመት ከወጣው ከፈረንሳዊው ጸሐፊ ከቮልቴር «ካንዲድ» ጋር ጎን ለጎን ይነበብ።