የካንትሪ አልበም እነማን ናቸው የሚሠሩት? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እኛ ሀገር ካንትሪ የሚወድ ሰው ብዙ ነው። የዶሊ ፓርተንን፣ የኬኒ ሮጀርስን፣ የዶን ዊሊያምስን ዘፈን ግጥሙን በቃሉ የሚወጣው ሞልቷል። ግን ፒያኖው ላይ ማን ነበር፣ ያን አንጀት የሚበላ ስቲል ጊታር ማን ተጫወተው ብትሉ ዝም ነው፣ የሚመልስ ከተገኘም ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስህተት ነው። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ሥራ በትክክል ሊነገርላቸው ይገባል ብዬ ስለማምን ደጋግሜ የምሰማቸውን ነገሮች ላንሳ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

«ዘፋኙ ከራሱ ባንድ ጋር ገብቶ ነው የሚቀዳው»

አብዛኛውን ጊዜ እንደዛ አይደለም። የካንትሪ ማዕከል በሆነችው የአሜሪካ ከተማ ናሽቪል ላይ ከዘፋኙ ጋር ከተማ ለከተማ የሚዞረው ባንድ ሌላ ነው፣ ስቱዲዮ ገብቶ የሚቀዳው ደግሞ ሌላ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኤ-ቲም የሚባሉ ጥቂት ተጫዋቾች ነበሩ፤ ቤዝ ላይ ቦብ ሙር፣ ድራም ላይ ባዲ ሃርማን፣ ፒያኖ ላይ ፍሎይድ ክሬመርና ሃርገስ ሮቢንስ፣ ጊታር ላይ ግሬዲ ማርቲን፣ ሃንክ ጋርላንድና ሃሮልድ ብራድሊ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በሃርሞኒካው ቻርሊ ማኮይ። ጠዋት ለአንዱ ዘፋኝ ይቀዳሉ፣ ከሰዓት ለሌላው፣ ማታ ደግሞ ለሦስተኛው። በካሴት ዘመን ሮሃ ባንድ ለስንቱ ዘፋኝ እንደተጫወተ የሚያውቅ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል፣ ልዩነቱ ናሽቪሎቹ ቋሚ ባንድ ሳይሆኑ ለየቀረጻው እየተጠሩ የሚሰባሰቡ መሆናቸው ነው።

ከእነሱ ውስጥ ሮቢንስን ለብቻው ማንሳት አለብኝ። ገና በሕፃንነቱ ዓይኑን ያጣ ሰው ነው፣ ፒያኖ የተማረውም በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። የክሪስታል ጌይልን «ዶንት ኢት ሜክ ማይ ብራውን አይስ ብሉ» የምታውቁ (1977) መጀመሪያ ላይ የሚመጣውን ፒያኖ አስታውሱ፣ እሱ ነው። ዘፈኑን ገና ድምጿ ሳይገባ የምናውቀው በሱ ጣቶች ነው።

ከዚህ ልማድ የወጡም አሉ። ዌይለን ጄኒንግስ በራሴ ባንድ ካልቀዳሁ ብሎ ታግሏል፣ ዊሊ ኔልሰንም በ1975 «ሬድ ሄዲድ ስትሬንጀር»ን ከራሱ ባንድ ጋር ቴክሳስ ጋርላንድ ውስጥ ቀድቶ ሲያመጣ የሌብሉ (የአሳታሚው ኩባንያ) ሰዎች ያላለቀ ዴሞ (የሙከራ ቅጂ) ነው የመሰላቸው።

«ፕሮዲውሰር ማለት ብሩን ያወጣው ሰው ነው»

እኛ ጋ ገንዘብ አውጥቶ አልበሙን የሚያሳትመው ሙዚቃ ቤቱ ስለነበር እንዲህ ብሎ ማሰብ አይፈረድም። እዛ ግን ወጪው የሌብሉ ነው። ፕሮዲውሰሩ ዘፈን ከዘፋኙ ጋር ይመርጣል፣ የትኛው ተጫዋች እንደሚጠራ ይወስናል፣ ቀረጻው ላይ ደግሞ ይሄኛው ይበቃል ይሄኛው ይደገም የሚለው እሱ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ኦወን ብራድሊ። ራሱ ፒያኖ ተጫዋችና የዳንስ ባንድ መሪ የነበረ ሰው ነው፣ ስቱዲዮው ደግሞ ኳንሴት ሃት ይባል የነበረው፣ ወታደሮች የሚጠቀሙበት ዓይነት ግማሽ በርሜል የሚመስል ቆርቆሮ ቤት። ነሐሴ 1961 ላይ ፓትሲ ክላይን «ክሬዚ»ን ልትቀዳ መጣች፣ ዘፈኑ የዊሊ ኔልሰን ድርሰት ነው፣ እሷ መጀመሪያ ላይ ብዙም አልወደደችውም፣ በዛ ላይ ሰኔ ላይ ከባድ የመኪና አደጋ ደርሶባት ስለነበር የጎድን አጥንቷ ገና አልዳነም፣ ከፍ ያለውን ድምፅ ልትስበው ስትል ሕመሙ አላስኬድ አላት። 4 ሰዓት ያህል ሞከሩ። በዛን ጊዜ ዘፋኝና ባንድ አንድ ላይ መቅዳት ነበር የተለመደው፣ ብራድሊ ግን የባንዱን ሙዚቃ ብቻ አስቀድቶ እሷን አርፈሽ ተመለሽ አላት። ሻል ሲላት ተመልሳ ድምጿን በአንድ ጊዜ ዘፈነችው፣ እስከዛሬ የምንሰማው እሱን ነው። እንግዲህ የፕሮዲውሰር ሥራ ማለት ይሄ ነው፣ መቼ ማቆም እንዳለበት ማወቅ።

«ኖታ ስለማያነቡ በግምት ነው የሚጫወቱት»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ከኤ-ቲም ውስጥ ኖታ አሳምረው የሚያነቡ ነበሩ፣ ግን ሥራው የሚሄደው በሌላ ዘዴ ነው፣ ናሽቪል ነምበር ሲስተም ይባላል። ጆርደነርስ ከሚባለው የአጃቢ ድምፃውያን ቡድን አንዱ የነበረው ኒል ማቲውስ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀመረው፣ ቻርሊ ማኮይና ሌሎቹ ደግሞ ወደ ተጫዋቾቹ አስፋፉት። ኮርዶቹን (አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች) በስም ሳይሆን በቁጥር መጻፍ ነው። ዘፈኑ በሲ ከሆነ 1 ማለት ሲ፣ 4 ማለት ኤፍ፣ 5 ማለት ጂ ነው። ማይነር ከሆነ ከቁጥሩ አጠገብ ሰረዝ ይደረጋል፣ ተመትቶ እንዲቆይ የሚፈለገው ኮርድ ደግሞ በዳይመንድ ቅርጽ ይከበባል። ዘፋኟ «ከፍ አለብኝ፣ ዝቅ አርጉልኝ» ካለች ወረቀቱን ማንም አይነካውም፣ 1 ማለት አሁን ቢ-ፍላት ነው ይባልና ይቀጥላል። አንድ ሙሉ ዘፈን አንድ ገጽ ላይ ያልቃል።

ብዙዎቹ ዘፈኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት እዛው ስቱዲዮ ነው። ዴሞው አንዴ ይከፈታል፣ እየሰሙ ቁጥሩን ይጽፋሉ፣ መግቢያውን ማን ይያዝ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስቲሉ ይግባ ወይስ ይቆይ እየተባባሉ ይነጋገራሉ፣ ከዛ ይቀዳል። አንድ ቀረጻ 3 ሰዓት ነው፣ በዛ ውስጥ 3 ወይም 4 ዘፈን ማውጣት የተለመደ ነበር። ፈጣን ስለሆነ ግዴለሽነት የሚመስለው አለ፣ ግን ያቺን መግቢያ በደቂቃዎች ውስጥ ከራሱ የፈጠራት ተጫዋቹ ነው፣ የዘፈኑ ደራሲ ተብሎ ግን ስሙ አይጻፍም።

«ሳውንድ ኢንጂነሩ በተን ነው የሚጫነው»

በ1960 መጨረሻ ማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ዎሪ»ን ሲቀዳ ግሬዲ ማርቲን የተጫወተው የቤዝ ጊታር ሶሎ በሚክሰሩ አንድ ቻነል ብልሽት ምክንያት ድምፁ ተቀደደ። ኢንጂነሩ ግሌን ስኖዲ ነበር። ተነጋግረው እንዳለ ተዉት፣ ዘፈኑ በ1961 የካንትሪ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ስኖዲ እዛ ላይ አላቆመም፣ ያን የተበላሸ ድምፅ ሆን ብሎ የሚያወጣ ሰርኪዩት ሠርቶ ለጊታር አምራቹ ለጊብሰን ሰጠ፣ በ1962 ማኤስትሮ ፈዝ-ቶን ተብሎ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ሆኖ ለገበያ ወጣ፣ በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ «ሳቲስፋክሽን» ላይ የምንሰማው የጊታር ድምፅ በዚሁ ዕቃ የመጣ ነው። የሮክ ጊታር ድምፅ አንዱ ምንጭ የናሽቪል ካንትሪ ቀረጻ ነው ማለት ነው።

«ከካንትሪ ውጪ አይችሉም»

ሃንክ ጋርላንድ የጃዝ አልበም አለው። ቦብ ዲለን ደግሞ በ1966 «ብሎንድ ኦን ብሎንድ»ን ኒውዮርክ ጀምሮ አልሄድልህ ሲለው ፕሮዲውሰሩ ቦብ ጆንስተን ወደ ናሽቪል ነው ያመጣው። ዲለን ቁጭ ብሎ ግጥም ሲጽፍ በ3 ሰዓት 4 ዘፈን የለመዱት ሰዎች ለሰዓታት ጠበቁት፣ ሊነጋጋ ሲል ተጠርተው «ሳድ አይድ ሌዲ ኦፍ ዘ ሎውላንድስ»ን ጀመሩ። ርዝመቱን የነገራቸው የለም፣ እንደለመዱት 3 ደቂቃ መስሏቸው እየጋሉ እየጋሉ ሄዱ፣ አሁን ያልቃል ሲሉ ሌላ ስንኝ ይመጣል፣ ከ11 ደቂቃ በላይ ወሰደ። ድራሙ ላይ ኬኒ በትሪ ነበር፣ እስከመጨረሻው እንዴት እንደያዘው አድምጡት።

«ካንትሪ ሁሉ ከናሽቪል ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። ኬኒ ሮጀርስና ዶሊ ፓርተን አብረው የዘፈኑት «አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም» (1983) የፖፕ ቡድኑ የቢ ጂስ ድርሰት ነው፣ ፕሮዲውስ ካደረጉት አንዱም የዚሁ ቡድን አባል ባሪ ጊብ ነው። ቤከርስፊልድ ካሊፎርኒያም እነ ባክ ኦውንስ የራሳቸውን ጠንከር ያለ ድምፅ ያወጡበት ከተማ ነው።

«አልበሙ በሚሊዮን ሲሸጥ እነሱም አብረው ሀብታም ሆነዋል»

በመሠረቱ ክፍያቸው ከሽያጭ ጋር የተያያዘ አልነበረም። የሙዚቀኞች ማኅበሩ ያወጣው የቀረጻ ተመን አለ፣ እሱ ይከፈላቸዋል፣ ቀረጻውን የሚመራው ተጫዋች እጥፍ ያገኛል። ዘፈኑ ቢወድቅም ቢፈነዳም ያው ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ ብዙ የሸክላ ሽፋኖች ላይ የተጫዋቾቹ ስም ጭራሽ አይጻፍም ነበር። ዛሬ የትኛው ዘፈን ላይ ማን እንደተጫወተ ማወቅ የሚቻለው በአብዛኛው ለክፍያ ተብለው በተሞሉት የማኅበሩ ፎርሞች ነው፤ ቀኑ፣ ስቱዲዮው፣ ስንት ሰዓት ተጀምሮ ስንት ሰዓት እንዳለቀ፣ ከሥር ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ስም።